የእጅ ዋጋና የዕድሜ ዋጋ

ክንዱ የወለቀበት ሰው ወደ ወጌሻ ሄዶ ከታሸና ከታሰረ በኋላ «አባቴ፣ ስንት ልክፈል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ደስ ያለህን» የሚል ነው። መልሱ ለጆሮ የሚጥም፣ ጨዋነት ያለበት መልስ ነው። ይሁን እንጂ ከፋዩ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ጭንቅ ይይዘዋል። አብዝቶ ቢሰጥ የተሞኘ ይመስለዋል፤ አሳንሶ ቢሰጥ ያፍራል። ተቀባዩም የተሰጠውን ሳያየው ይቀበልና፣ እንግዳው ከደጅ ሲወጣ ቈጥሮ ወይ ደስ ይለዋል ወይ ያዝናል። በግ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን በገበያ መካከል ጮኾ ይናገራል፤ ጤፍ የሚሸጥም እንደዚሁ ነው። ዕውቀቱን የሚሸጥ ሰው ግን ዋጋህን ንገረኝ ሲሉት ምላሱ ይተሳሰራል።

ይህ ነገር ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆነ ለማወቅ የቀድሞ ሰዎችን ታሪክ ስመረምር ቈይቻለሁ። ከዚያም ያገኘሁትን፣ ነገ ሐኪም ወይም ጠበቃ፣ መሐንዲስ ወይም ሠዓሊ፣ አስተማሪ ወይም ተርጓሚ ሆናችሁ «ስንት ልክፈል?» ለምትባሉት ለወጣቶች አንባቢዎቼ ጽፌዋለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ዘመኖችን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ባስቀረጸው ሕግ የሐኪምን ዋጋ ቈርጦ ነበር። በነሐስ ቢላዋ ከባድ ቍስል ያከመ ወይም ዓይን ያዳነ ሐኪም፣ ታማሚው ከጨዋ ወገን ቢሆን 10 ሰቅል ብር፣ ተራ ሰው ቢሆን 5 ሰቅል፣ ባሪያ ቢሆን 2 ሰቅል ይቀበላል። ታማሚው ጨዋ ሁኖ ቢሞትበት ወይም ዓይኑ ቢጠፋበት የሐኪሙ እጅ ይቈረጣል። አንባቢዬ ሆይ፣ ልብ በል፤ በዚህ ሕግ የተመዘነው የታማሚው ክብር ነው እንጂ የሐኪሙ ዕውቀት አይደለም። የባሪያውን ቍስል የምትነካው ቢላዋና የጨዋውን ቍስል የምትነካው ቢላዋ አንዲት ናት፤ የሚይዛትም እጅ አንድ ነው።

ግሪኮች ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ አዩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአብዴራው ፕሮታጎራስ ወጣቶችን የንግግርንና የአገር አስተዳደርን ጥበብ እያስተማረ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ነበር። አፍላጦን እንደ ጻፈው የፕሮታጎራስ ሥርዓት እንዲህ ነበረ፤ ተማሪው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ መምህሩ የጠየቀውን ዋጋ ይከፍላል፤ ዋጋው የበዛ ከመሰለው ግን ወደ ቤተ ጣዖት ገብቶ ትምህርቱ ስንት እንደሚገባው በመሐላ ይናገርና ያንኑ አስቀምጦ ይሄዳል። ይህ ከእኛ ወጌሻ «ደስ ያለህን» ጋራ የሚመሳሰል ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፕሮታጎራስ በመጀመሪያ ዋጋውን ይናገራል። መሐላው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ተማሪው ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ቢፈልግ ከመምህሩ ጋራ መከራከር ሳይሆን ከገዛ ኅሊናው ጋራ መከራከር አለበት።

ሶቅራጥስ ግን ከማንም ገንዘብ አልተቀበለም፤ በድኽነትም ኖረ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ደቀ መዛሙርቱ ዕውቀትን በገንዘብ የሚያስተምሩትን ሰዎች ክፉኛ ነቀፏቸው፤ ነቀፋውም እስከ ዛሬ ድረስ ከስማቸው ጋራ ተጣብቆ ቀረ። የሶቅራጥስን ድኽነት አከብራለሁ፤ እርሱ የተናገረውን ኑሮበታልና። ነገር ግን አፍላጦን የባለጠጋ ልጅ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ዕውቀት በገንዘብ አይሸጥም የሚለውን ቃል አብዝተው የሚናገሩት፣ ብዙ ጊዜ፣ ለነገ የሚበሉት ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሮማውያን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሕግ ለወጡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 ዓመት የወጣ ሕግ ጠበቃ ስለ ጥብቅናው ገንዘብም ሆነ ስጦታ እንዳይቀበል ከለከለ። ሕጉ ግን አልተጠበቀም፤ ባለጠጎቹ ጠበቆች ክብር ይበቃናል ሲሉ፣ ሌሎቹ ልጆቻችንን በምን እናሳድግ አሉ። በ47 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ ነገሩን በመካከለኛ መንገድ ቈረጠውና፣ ጠበቃ እስከ 10,000 ሴስቴርስ ድረስ መቀበል ይችላል ብሎ ወሰነ። በ301 ዓ. ም. ደግሞ ዲዮቅልጥያኖስ፣ ያ ክርስቲያኖችን ያሳደደው ንጉሥ፣ የዕቃውንም የሥራውንም ዋጋ ከፍተኛ ወሰን በዐዋጅ ደነገገ። ፊደል የሚያስቈጥር መምህር በአንድ ተማሪ በወር 50 ዲናር፣ ሒሳብ የሚያስተምር 75፣ የንግግር ጥበብ የሚያስተምር 250 ዲናር እንዲቀበል ሆነ። ጠበቃ ክሱን ሲያስከፍት 250፣ በችሎት ሲከራከር 1,000 ዲናር ተፈቀደለት። ጠጕር አስተካካይ በአንድ ሰው 2 ዲናር፣ የእርሻ ሠራተኛ ከነምግቡ በቀን 25 ዲናር። ዐዋጁን ለመጣስ የደፈረ በሞት ይቀጣል ተባለ። ዳሩ ግን ዕቃው ከገበያ ተሰወረ፤ ዐዋጁም ብዙ ሳይቈይ ሥራ ላይ መዋሉ ቀረ። ቁጥሮቹን ሳነባቸው የሚደንቀኝ አንድ ነገር አለ። ፊደል ያስቈጠረው መምህር ባይኖር የንግግር መምህሩ የሚያስተምረው ተማሪ ባልኖረ ነበር፤ ክፍያው ግን አምስት እጥፍ ይለያያል።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ልግባ። ከዚያ በፊት ግን ስለ አንድ የእንግሊዝ ገንዘብ መናገር አለብኝ።

እንግሊዞች ከ1663 ጀምሮ ጊኒ የሚባል የወርቅ ገንዘብ ያሳትሙ ነበር። ስሙን ያገኘው ወርቁ ከመጣበት ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ነው። በ1717 የጊኒ ዋጋ 21 ሺልንግ እንዲሆን ተወሰነ፤ ፓውንድ ግን 20 ሺልንግ ነው። በ1814 ጊኒ መታተሙ ቀረ። ገንዘቡ ከገበያ ጠፋ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። ሐኪሙ፣ ጠበቃውና ሠዓሊው የድካማቸውን ዋጋ በጊኒ መቍጠራቸውን አልተዉም፤ ይህም ልማድ እንግሊዞች የገንዘባቸውን አቈጣጠር እስከ ለወጡበት እስከ 1971 ድረስ ቈየ። አናጺው፣ ግንበኛውና ባለ ሱቁ ግን የሚከፈላቸው በፓውንድ ነበር። በማይታይ ገንዘብ መቍጠር ሞኝነት ይመስላል። ነገር ግን ያች አንዲት ሺልንግ ከገንዘብነት ይልቅ የማዕርግ ምልክት ነበረች፤ ከፋዩ ሰው «አንተ ባለሙያ ነህ» ወይም «አንተ ቅጥረኛ ነህ» የሚለው በእርስዋ ነው።

በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ጄምስ ዊስለር የሚባል ሠዓሊ ይኖር ነበር። በ1834 አሜሪካ ውስጥ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ሎውል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሩሲያን ንጉሥ የባቡር ሐዲድ ለመሥራት የተቀጠረ መሐንዲስ ስለ ነበረ ልጁ በፒተርስቡርግ ጥቂት ዓመታት አደገ። ወደ አገሩ ተመልሶ በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያም ሳይጨርስ ተባረረ። በ1855 ወደ ፓሪስ ሄዶ ሥዕል ተማረና በ1859 ለንደን ተቀመጠ። ዊስለር ምላሱ ስለታም፣ ኩራቱ ብዙ፣ ጠቡ የማያልቅ ሰው ነበር።

ፍሬድሪክ ሌይላንድ የሚባል የሊቨርፑል ባለ መርከብ ባለጠጋ በለንደን ካለው ቤቱ የምግብ አዳራሽ ውስጥ የቻይና ሸክላዎቹን የሚደረድርበት ክፍል ያሠራ ነበር። ግድግዳው አበባ በተሣለበት ውድና ጥንታዊ ቆዳ ተሸፍኗል። በእሳት ምድጃው በላይ የተሰቀለው የዊስለር ሥዕል ነበርና፣ በ1876 ስለ በሮቹና ስለ መስኮቶቹ መዝጊያ ቀለም የዊስለር ምክር ተጠየቀ። ዊስለር በግድግዳው ላይ ጥቂት ቀለም ለመጨመር ፈቃድ አገኘ። ሌይላንድ ወደ ሊቨርፑል ሄደ። ሠዓሊው ግን በጥቂቱ አላቆመም። መዝጊያዎቹን፣ ጣራውን፣ በመጨረሻም ያን ውድ ቆዳ ሳይቀር በሰማያዊና በወርቅ ቀለም ሸፈነው፤ በየቦታውም ጣዎሶችን ሣለበት። ባለቤቱ ሳያውቅ እንግዶችንና ጋዜጠኞችን እየጋበዘ አዳራሹን አስጐበኘ። በመጨረሻም ለሌይላንድ 2,000 ጊኒ እንዲከፍለው ጻፈለት።

ሌይላንድ እጅግ ተቈጣ። ይህን ያህል ወጪ የሚያስወጣ ሥራ ሳታስታውቀኝ ልትጀምር አይገባህም ነበር አለው። ከብዙ ንትርክ በኋላ ግማሹን ለመክፈል ተስማማ፤ የተከፈለውም 1,000 ጊኒ ሳይሆን 1,000 ፓውንድ ሆነ። ልዩነቱ 1,000 ሺልንግ፣ ማለት 50 ፓውንድ ነው። ዊስለርን ከጐደለው ሌላ ሺህ ጊኒ ይልቅ ያቃጠለው ይህ የሺልንግ ጉድለት ነበር። እንደ አናጺ ተቈጠርሁ አለ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ብዙ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲናገሩ ሠዓሊውን ተበዳይ፣ ባለጠጋውን ንፉግ ያደርጋሉ። እኔ ግን እንደዚያ አላይም። የአዳራሹ ውበት ሁለት ሺህ ጊኒም ሦስት ሺህ ጊኒም ሊያወጣ ይችላል፤ ነገር ግን ሰው ያላዘዘውን ነገር በቤቱ ሠርቶ ዋጋውን ከሥራው በኋላ መንገር፣ «ደስ ያለህን» ከማለት የባሰ ነው። ወጌሻው ዋጋውን ለከፋዩ ፈቃድ ይተወዋል፤ ዊስለር ግን የከፋዩን ፈቃድ ከመጀመሪያው ወሰደበት። በሌላ በኩል ደግሞ ሌይላንድ፣ ግማሹን እከፍላለሁ ካለ በኋላ ሺልንጓን መቀነሱ፣ ከገንዘቡ ሌላ ቂም እንደ ነበረው ያሳያል። ሰውን በገንዘብ ማዋረድ ቀላል ነው፤ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይበቃል።

ከዊስለር በፊት ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ነገር በጀርመን አገር ደርሶ ነበር። የኑረምበርጉ ሠዓሊ አልብረሕት ዱረር ለፍራንክፈርቱ ነጋዴ ለያዕቆብ ሄለር የመንበር ሥዕል ለመሥራት በ130 ፍሎሪን ተዋዋለ። ሥራውን ሲጀምር ግን የሚጠይቀው ድካምና የቀለሙ ዋጋ ካሰበው በላይ ሆነበት፤ በ1508 ሥዕሉ 200 ፍሎሪን ይገባዋል ብሎ ጻፈ። ነጋዴው ቃልህን አፈረስህ አለው። ደብዳቤ ለደብዳቤ ተጻጻፉ። በ1509 ሥዕሉ ተላከ፤ ሄለርም 200ውን ከፈለ። ዱረር ግን ደስ አላለውም፤ እንዲህ ያለውን አድካሚ ሥዕል ትቼ የመዳብ ቅርጼን ብሠራ ኑሮ ዛሬ በ1,000 ፍሎሪን የበለጠ ሀብታም በሆንሁ ነበር ብሎ ጻፈለት። ያም ሥዕል በ1729 በሙኒክ በተነሣ እሳት ተቃጥሎ ጠፋ። ይኸው ዱረር በ1506 ከቬኒስ ለወዳጁ ሲጽፍ፣ በዚህ አገር እንደ መኰንን እከበራለሁ፤ በአገሬ ግን እንደ ሰው ጥገኛ እታያለሁ ብሎ ማዘኑ ይታወቃል። በዚያ ጊዜ በጀርመን ሠዓሊ ከእጅ ሠራተኛ አይለይም ነበር።

በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር ባወጡት ዐዋጅ፣ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውንና የሚጽፈውን ሰው በሙያው እየሰደቡ ማዋረድ እንዲቀር አዝዘዋል። ንጉሥ ዐዋጅ እስኪያወጣ ድረስ ስድቡ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለመሥሪያው ስም የሚያፍር ሰው ዋጋውን ቀና ብሎ ሊናገር አይችልም። ማረሻ የሚቀጠቅጥለትን ሰው «ጠይብ» እያለ የሚጠራ ገበሬ፣ ዋጋውን ሲጠይቅ የሚቀንሰው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገንዘቡ፣ አንድ ጊዜ ከሰውየው። «ደስ ያለህን» የሚለው መልስ አንዳንድ ጊዜ ከትሕትና ሳይሆን ከዚህ ፍርሃት የመጣ ይመስለኛል።

የእጅ ዋጋ የሚለው ቃላችን ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ልብስ ሰፊ ጨርቁን አንተ አምጣ፣ የእጅ ዋጋዬን ትከፍላለህ ይላል። እጅ ሲል ግን ጣቶቹን ብቻ ማለቱ አይደለም። እኔ ራሴ በትርጕም ሥራ በምተዳደርበት ጊዜ አንድ ነጋዴ ሁለት ገጽ የውል ወረቀት አመጣልኝ። ዋጋዬን ብነግረው «ለሁለት ገጽ?» አለኝ። እኔም፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ያለችውን አንዲት ቃል «ዋስ ይሆናል» ብዬ ብተረጕማትና «ያስታውቃል» ብዬ ብተረጕማት ቤትህ በሚሸጥና በማይሸጥበት ያህል ይለያያል፤ እርስዋን ለመለየት የፈጀሁትን ዓመት አንተ አታየውም አልሁት። ወረቀቱን አጥፎ በገጽ ወደሚያስከፍል ሰው ሄደ። እኔም አልተከተልሁትም።

ወደ ዊስለር እንመለስ። የጣዎሱ አዳራሽ ጠብ ገና ሳይበርድ፣ በ1877 ግሮቭነር በሚባለው አዲስ የሥዕል አዳራሽ ውስጥ አንድ ሥዕል ለሽያጭ አቀረበ። ሥዕሉ በቴምዝ ወንዝ ዳር ከሚገኝ የመዝናኛ ስፍራ በሌሊት የሚተኰስ ርችት በጥቍር ሰማይ ላይ ሲበተን የሚያሳይ ነው። ቅርጹ ያልጠራ፣ ጭስና ብልጭታ ብቻ የሚመስል ነበረ። ዋጋው 200 ጊኒ ተባለ።

ጆን ረስኪን ይህን አየ። ረስኪን በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ስለ ሥዕል ከሚጽፉት ሁሉ የበለጠ የሚሰማ፣ በኦክስፎርድም የሚያስተምር ሰው ነበር። በሚያሳትመው ጽሑፍ ላይ፣ አንድ ደፋር ሰው የቀለም ማሰሮ በሕዝብ ፊት ላይ ደፍቶ ሁለት መቶ ጊኒ ይጠይቃል ብሎ ዘለፈው። ስለ ረስኪን ግን አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሰው ለሠራተኛ ጠላት አልነበረም። በ1860 በጻፋቸው ድርሰቶች የሠራተኛ ደመወዝ እንደ ገበያ ዕቃ ከፍ ዝቅ ሊል አይገባም፤ ሐኪሙ ጥሩም ቢሆን መጥፎም ቢሆን የሚከፈለው ያው አንድ ጊኒ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ለሌላውም ሠራተኛ የታወቀ ዋጋ ይሁንለት፤ ሰውን መምረጥ እንጂ ዋጋውን ማውረድ አይገባም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ጊዜ ስለ ጊዜ፣ ድካም ስለ ድካም መመለስ ነው ፍትሕ ይል ነበር። እንዲህ የሚያስብ ሰው፣ ድካም የማይታይበት ሥዕል በብዙ ገንዘብ ሲቀርብ ገዢው የተታለለ መሰለው። ስድቡ ክፉ ነበር፤ ጥያቄው ግን ከንቱ አልነበረም።

ዊስለር ስሜ ጠፋ ብሎ 1,000 ፓውንድ ካሣ እንዲከፈለው ከሰሰ። ነገሩ ኅዳር 25 እና 26 ቀን 1878 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በለንደን ተሰማ። ረስኪን ታሞ አልቀረበም፤ ስለ እርሱ የቆመው የመንግሥቱ ዋና ነገረ ፈጅ ሰር ጆን ሆልከር ነበር። ሆልከር ሠዓሊውን ሥዕሉን ለመሣል ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ጠየቀው። ዊስለርም አንድ ቀን ያህል፣ በማግሥቱም ጥቂት ጨምሬበት ይሆናል፤ እንግዲህ ሁለት ቀን በል አለው። ሆልከር ወጥመዱን ዘጋ፤ ታዲያ ሁለት መቶ ጊኒ የምትጠይቀው ለሁለት ቀን ሥራ ነው? አለ። ዊስለር አይደለም፤ የምጠይቀው በዕድሜ ልክ ሥራ ስላገኘሁት ዕውቀት ነው ብሎ መለሰ። በችሎቱ የተሰበሰበው ሕዝብ አጨበጨበ።

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በባለሙያዎች ሁሉ አፍ ሲነገር ይኖራል፤ እኔም እወደዋለሁ። ዳሩ ግን መልሱ ትክክል የሚሆነው ዕውቀቱ በእውነት ሲኖር ነው። የዕድሜ ዋጋ ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ዕድሜውን በሥራ ላይ አዋለ ማለት አይደለም፤ ሃያ ዓመት የሠራና አንዱን ዓመት ሃያ ጊዜ የደጋገመ ሰው በዕድሜ እኩል ናቸው። ዊስለር በዚያን ጊዜ የ44 ዓመት ሰው ነበር፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሣሏል፤ በሌሊት በወንዙ ላይ በጀልባ እየተመላለሰ የጨለማን ቀለም አጥንቷል። በሁለት ቀን የጨረሰው ሌላው በሁለት ወር የማይጀምረውን ነው። ፈጥኖ መሥራት መቻሉ የዋጋው ምክንያት እንጂ የዋጋው መቀነሻ ሊሆን አይገባም። ሐኪም ሕመሙን በአንድ እይታ ቢያውቅልህ፣ ሦስት ቀን ካመነታው ሐኪም ያነሰ ልትከፍለው ነውን? (ያው ዊስለር በዚያው ችሎት ቃለ መሐላ ፈጽሞ የተወለድሁት በፒተርስቡርግ ነው ብሎ መናገሩንም መሰወር አልፈልግም። ስለ ሥራው የተናገረው እውነት ስለ ሆነ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም።)

ረስኪንም ምስክሮች ነበሩት። የታወቀው ሠዓሊ ኤድዋርድ በርን ጆንስ ቀርቦ፣ ሥዕሉ የቀለም ችሎታ ያለበት ቢሆንም ያላለቀ ነው፤ 200 ጊኒ አያወጣም ብሎ መሰከረ። የጥንት ጣሊያናዊ ሥዕል ለማነጻጸሪያ ወደ ችሎቱ ገባ። ዳኛው ሀድልስተን ለፍርድ ሸንጎው አባሎች ሕጉን ካስረዱ በኋላ አባሎቹ ተማከሩና፣ ዊስለር በእርግጥ ተሰድቧል፤ ካሣውም አንድ ፋርዲንግ ይሁን ብለው ፈረዱ። ፋርዲንግ የፔኒ ሩብ ናት፤ በአንድ ፓውንድ ውስጥ 960 ፋርዲንግ አለ። የችሎቱን ወጪ በሚመለከት ሁለቱም የየራሳቸውን እንዲከፍሉ ሆነ።

በዚህ ፍርድ ማንም አላተረፈም። ረስኪን በኦክስፎርድ የነበረውን የማስተማር ሥራ ለቀቀ፤ የችሎት ወጪውን ወዳጆቹና አድናቂዎቹ አዋጥተው ከፈሉለት። ለዊስለር ግን የሚያዋጣለት አልነበረም። ከፍርዱ በፊትም ዕዳ ነበረበት፤ በግንቦት 1879 መክሰሩ ታወጀ። ከአበዳሪዎቹ ዋነኛው ያው የጣዎሱ አዳራሽ ባለቤት ሌይላንድ ነበር። በቼልሲ ያሠራው አዲስ ቤት ተሸጠ። እርሱ ግን ያችን ፋርዲንግ በሰዓቱ ሰንሰለት ላይ አንጠልጥሎ ይዞር ነበር ይባላል።

ወጣቱ አንባቢዬ በዚህ ስፍራ ይጠይቀኝ ይሆናል፤ ዋጋውን ቀና ብሎ ተናግሮ የከሰረ ሰው ታሪክ ምን ይጠቅመኛል? ይለኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለራስ የሚሰጥ ግምት እንጀራ አይሆንም፤ ሁለት መቶ ጊኒ የሚል ወረቀት በሥዕሉ ሥር መለጠፍ ገዢ አያመጣም። ዊስለር ከዚያ በኋላ ያደረገውን ማየት ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት በመስከረም የለንደን ሥዕል ነጋዴዎች በቬኒስ 12 የመዳብ ቅርጾች እንዲሠራላቸው አዘዙት። ይህ ጊዜ ሥራው ምን እንደ ሆነና ስንት እንደ ሆነ አስቀድሞ የታወቀ ውል ነበር። ዊስለር እዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቈየ፤ በብርድና በችግር መካከል ከታዘዘው አራት እጥፍ ያህል ቅርጽ ሠርቶ በ1880 ተመለሰ። ክብሩን ያቆመለት ችሎቱ ሳይሆን ይህ ሥራ ነው።

ያ ርችት ያለበት ሥዕል በ1892 ለአንድ የኒው ዮርክ ጠበቃ በ800 ጊኒ ተሸጠ፤ ረስኪን ከነቀፈው ዋጋ አራት እጥፍ ማለት ነው። ዊስለር ይህን ሲሰማ፣ ረስኪን አራት የቀለም ማሰሮ መሸጡን ቢያውቅልኝ ደስ ይለኝ ነበር ማለቱ ይነገራል። ሥዕሉ ዛሬ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

ሌይላንድም በዚያው በ1892 ሞተ። የሚደንቀው ነገር፣ ከሠዓሊው ጋራ ያን ያህል ከተጣላ በኋላ አዳራሹን አላፈረሰውም፤ የዊስለርን ቀለም አልፋቀውም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚያ ውስጥ ምግቡን ይበላ ነበር። ሥራው የጠየቀበትን ዋጋ ያወጣ እንደ ሆነ ያውቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ከእርሱ ሞት በኋላ በ1904 ቻርልስ ፍሪር የሚባል የዲትሮይት ባለጠጋ አዳራሹን ከነግድግዳው ገዝቶ ወደ አሜሪካ አስመጣው፤ ከ1923 ጀምሮም በስሙ በተሠራው በዋሽንግተን ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

ወደዚያ የገባ ሰው በአንደኛው ግድግዳ ላይ በወርቅ ቀለም የተሣሉ፣ የሚጣሉ ሁለት ጣዎሶች ያያል። ዊስለር ገንዘቡ ከተቀነሰበት በኋላ፣ ሥራውን ሳይለቅ የሣላቸው ናቸው። አንደኛው በራሱ ላይ ነጭ ላባ አለው፤ ዊስለር በጥቍር ጠጕሩ መካከል እንደዚያ ያለ አንድ ነጭ ዘለላ ነበረው። ሁለተኛው ክንፉን ዘርግቶ በቍጣ የቆመ ነው፤ በእግሩም ሥር የተቀነሱት ሺልንጎች በብር ቀለም ተበትነዋል። ሌይላንድ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ራቱን በላ።